«ወርቅነሽ» ማለት ምን ማለት ነው? ከክብረ መንግሥት እስከ አልታይ ተራሮች

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ከክፍል በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። የቋንቋ ትምህርት ነው የማስተምረው፤ ስለ ፈተና ልትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ቲቸር፣ ስሜን በፍርድ ቤት ላስቀይር አስቤያለሁ፤ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ።

ልጅቷ የመጣችው ከክብረ መንግሥት ነው፤ ስሟም ወርቅነሽ። ዶርም ውስጥ «የአያቴ ስም ነው!» እያሉ እንደሚቀልዱባት ነገረችኝ። «እሺ፣ ታዲያ ማን ልትባዪ ነው?» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ከኢንተርኔት ያገኘችውን የቱርክ ስሞች ዝርዝር አሳየችኝ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ቤታችን መግባት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝርዝር የማያይ ወጣት ጥቂት ነው። ከዝርዝሩ የመረጠችው «አልቲናይ» የሚለውን ነበር። ትርጉሙን ግን አላየችም፤ ድምፁ ስላማራት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለምን እንደሳቅሁ ለማስረዳት ያ ከሰዓት አልበቃንም፤ በማግስቱም ቀጠልን። እናንተም እስቲ አብራችሁን ቁጭ በሉ፤ ስለ አንድ ስም ስናወራ ሰዋስውም፣ ኬሚስትሪም፣ ትንሽ አንስታይንም ይመጣል።

ስም ነው ወይስ ዓረፍተ ነገር?

መጀመሪያ ስሙን ለሁለት እንክፈለው፦ ወርቅ እና ነሽ። ብዙ ጊዜ ስለምንሰማው ልብ አንለውም እንጂ ይሄ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አንቺ ወርቅ ነሽ።» ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ አለው፣ የሚነገረውም ለሁለተኛ መደብ ሴት ነው። አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ እናት ወይም አባት፣ አራስ ልጅን ዓይን ዓይኗን እያየ የተናገረው ነገር ዕድሜ ልኳን የምትጠራበት ስም ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ «ወርቅነሽ የለችም» ይላል። ቃል በቃል ብትወስዱት «አንቺ ወርቅ ነሽ የለችም» ማለት ነው! ግን ማንም ግር አይለውም። ዓረፍተ ነገሩ ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ እንደ አንድ ቃል ሆኗል። ቋንቋ እንዲህ ያደርጋል፤ ትኩሱን ንግግር ወስዶ ያረጋዋል።

«ነሽ» ራሷ ትንሽ እንቆቅልሽ ናት። አማርኛ ውስጥ ግሥ በባለቤቱ መሠረት ነው መጨረሻው የሚለዋወጠው፦ እኔ ወሰድሁ፣ እነሱ ወሰዱ። እንግዲህ በዚህ ሕግ ቢሆን «እኔ ተማሪ ነሁ» ማለት ነበረብን። እንላለን? አንልም። «ነኝ» ነው የምንለው። ይሄ «ኝ» ከየት የምናውቀው ነው? «ወሰደኝ» ከሚለው። «ናቸው» ውስጥ ያለው «ቸው»ስ? «ወሰዳቸው» ላይ ያለው ነው። ማለትም «ነው» የሚባለው ቃል የሚረባው በባለቤት ሳይሆን በተሳቢ ምልክት ነው። ስለዚህ «ነሽ» የምትመሳሰለው «ወሰድሽ» ከሚለው ጋር ሳይሆን «ወሰደሽ» ከሚለው ጋር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተናጋሪው ሁለት ምርጫ አለው፦ «እሷ ናት» (እንደ ወሰዳት) ወይም «እሷ ነች» (እንደ ወሰደች)። የትኛውን ነው እናንተ የምትሉት? ቤት ውስጥ እናትና አባታችሁን አዳምጡና ፈትሹ፤ ሁለቱንም ልትሰሙ ትችላላችሁ።

በዚህ በ«ነሽ» የሚያልቁ ስሞች ብዙ ናቸው፦ ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ፣ ብርቅነሽ፣ ሙሉነሽ። ለወንድ ሲሆን ወርቅነህ፣ ሙሉነህ፣ ብዙነህ። በዓለም ላይ የታወቀችው የዚህ ቤተሰብ አባል ደግሞ ሰው እንኳ አይደለችም ብትሉ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ሉሲ በአማርኛ ድንቅነሽ ተብላለች። አጥንት ሆና ከመሬት የወጣችውን «አንቺ ድንቅ ነሽ» ብሎ በሁለተኛ መደብ ማነጋገር! እኔ በግሌ ከእንግሊዝኛው ስሟ ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅ፣ ቅጠልና ወረቀት

አሁን ወደ ፊተኛው ግማሽ እንምጣ። «ወርቅ» የግዕዝ ቃል ነው፤ ከግዕዝም በፊት ግን ታሪክ አለው።

ዕብራይስጥ ውስጥ «ያሮቅ» የሚል ቃል አለ። ትርጉሙ አረንጓዴ ነው። «ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እነዚህን ጥንዶች ተመልከቱ፦ የግዕዙ ወለደ በዕብራይስጥ ያላድ ነው፤ ወረደ ደግሞ ያራድ፤ ወርኅ (ጨረቃ፣ ወር) ደግሞ ያሬአሕ። ምን አያችሁ? በግዕዝ በ«ወ» የሚጀምር ቃል በዕብራይስጥ በ«የ» ይጀምራል። ይሄ አጋጣሚ ሳይሆን ሕግ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዎች ሁለት ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያረጋግጡት በመልክ በመመሳሰላቸው ሳይሆን እንዲህ ዓይነት ተደጋጋሚ ልዩነት ሲያገኙ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ወርቅ እና ያሮቅ አንድ ሥር አላቸው ማለት ነው፦ ወ-ር-ቅ።

በጥንታዊቷ መስጴጦምያ በሚነገረው አካድኛ ደግሞ «ዋርቁ» ማለት ቢጫም አረንጓዴም ነበር። ሁለቱን ቀለሞች በአንድ ቃል መጥራት ሊገርማችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የደረሰ ሰብልን አስቡ፦ አረንጓዴው መቼ አልቆ ቢጫው መቼ ይጀምራል? ከ3,000 ዓመት በፊት ሶርያ ውስጥ በነበረችው ኡጋሪት ከተማ በተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ውስጥም ይሄው ሥር የወርቅን ቢጫነት ለመግለጽ ገብቶ እናገኘዋለን። በደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎችና በግዕዝ ግን ቀለሙ ራሱ የማዕድኑ ስም ሆነ። «ቢጫው ነገር» እንደማለት ነው።

ሌሎቹ ዘመዶች ሌላ መንገድ ሄዱ። ዓረብኛ አረንጓዴውን ይዞ «ወረቅ» አለ፤ ቅጠል ማለት ነው። ቅጠል ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ በኋላ ላይ የሚጻፍበትም ነገር በዚሁ ስም ተጠራ። አማርኛም ቃሉን ከዓረብኛ ተቀብሎ ምን አለው? ወረቀት! እንግዲህ ወርቅና ወረቀት የሩቅ የአክስት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ቤት ውስጥ ያደገ፣ ሌላኛው ውጭ ኖሮ የተመለሰ። ተማሪዬ ይሄን ስነግራት ደብተሯን ገልብጣ አየችው።

ከሴማዊ ቋንቋዎች ውጭም ሰዎች ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። የእንግሊዝኛው «ጎልድ» እና «የሎው» (ቢጫ) ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው፤ የሩሲያው «ዞሎቶ»ም እዚያው ነው። አብዛኛው ብረታ ብረት ግራጫና ነጭ ሆኖ ሳለ አንዱ ቢጫ ሆኖ ሲገኝ ስሙን ከቀለሙ መስጠት የማይቀር ነው።

ግን ለምን ቢጫ ሆነ?

ይሄ ጥያቄ የቋንቋ መምህር ስላልሆነ የፊዚክስ ባልደረባዬን አስቸግሬ ነው የተማርኩት። ብርን እና ወርቅን ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ዓምድ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ናቸው። ብር ነጭ፣ ወርቅ ቢጫ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

የወርቅ አቶም እምብርት ውስጥ 79 ፕሮቶኖች አሉ፤ በብር ውስጥ ግን 47 ብቻ። 79 ፕሮቶን ኤሌክትሮንን እጅግ አጥብቆ ይስባል፤ በጣም ቅርብ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ እምብርቱ ላለመውደቅ ያህል በከፍተኛ ፍጥነት መንቀሳቀስ አለባቸው ብላችሁ አስቡት። ስንት ነው ፍጥነታቸው? የብርሃንን ፍጥነት 58 በመቶ ያህል! እዚህ ላይ ነው አንስታይን የሚገባው። አንድ ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ክብደቱ የጨመረ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የኤሌክትሮኖቹ ቤት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ይሄ መሰብሰብ እስከ ውጭኛው ቤት ድረስ ይደርስና በሁለት የኃይል ደረጃዎች መካከል ያለውን ርቀት ያጠበዋል። ርቀቱ ሲጠብ ምን ይሆናል? ሰማያዊ ብርሃን ይህን ክፍተት ለመሙላት በቂ ጉልበት ያገኛል፤ ወርቁም ሰማያዊውን ይውጠዋል። ከነጭ ብርሃን ሰማያዊው ሲቀነስ ለዓይናችን የሚተርፈው ቢጫ ነው። በብር ውስጥ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ የሚዋጠው ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው፤ የሚታየው ብርሃን በሙሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ነጭ።

የጥንት ሰዎች ይሄን ሁሉ አያውቁም፤ «ቢጫው» ብለው ጠሩትና አለፉ። እና አንዲት ልጅ ወርቅነሽ ስትባል ስሟ ውስጥ የተቀመጠው ቀለም የአንጻራዊነት ሕግ ውጤት ነው። ይሄን ዶርም ውስጥ ለሚቀልዱባት እንድትነግራቸው መክሬያት ነበር፤ መንገሯን እንጃ።

አልቲናይ ከየት መጣች?

አሁን ወደ ሳቄ ልመለስ። «አልቲናይ» በእርግጥ ከቱርካዊ ቋንቋዎች የመጣ ስም ነው። ቱርካዊ ስንል የቱርክ አገር ቋንቋን ብቻ አይደለም፤ ካዛክ፣ ኪርጊዝ፣ ኡዝቤክ፣ አዘርባጃንኛ፣ እስከ ሳይቤሪያ ዳር ያለው ሳኻ ድረስ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ስሙ ሁለት ቃላት ነው፦ «አልቲን» እና «አይ»። «አይ» ጨረቃ ናት። «አይላ» በሚለው ስም ውስጥም አለች፤ በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው የብርሃን ቀለበት ማለት ነው። «አልቲን»ስ?

ወርቅ።

ልጅቷ ወርቅን በወርቅ ልትለውጥ ነው ለካ!

«አልቲን» በጣም አሮጌ ቃል ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ ባለው የኦርኾን ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ732 ለኩል ቴጊን በተባለ መስፍን መታሰቢያ የቆመ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። በቱርካዊ ቋንቋ ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በውስጡም «አልቱን» ወርቅ፣ «ኩሙሽ» ብር ተብለው ተጠቅሰዋል። ከዚያ ወደ 340 ዓመት ቆይቶ መሕሙድ አል-ካሽጋሪ የተባለ ሊቅ ባግዳድ ውስጥ የቱርካውያንን ቃላት ለዓረብኛ አንባቢ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ይሄንኑ ቃል መዝግቦታል። ሞንጎልኛም «አልት» ይላል፤ የአልታይ ተራሮችም ስም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቻይናውያን ደግሞ ያንኑ ተራራ በራሳቸው ቋንቋ የወርቅ ተራራ ብለውታል።

አንድ አስቂኝ ነገር ልንገራችሁ። ወደ ሰሜን ርቀው የሄዱት የሳኻ ሰዎች «አልታን» ሲሉ መዳብ ማለታቸው ነው። ወርቅን ደግሞ «ቀይ ብር» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ በመንገድ ላይ ማዕድኑን ቀየረ! ዓረብኛም ከላይ ካየነው ሥር «ወሪቅ» የሚል ቃል አውጥቶ ለብር ገንዘብ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ የቱርካውያን አንዲት አልቲናይ ሳኻ ብትሄድ «የመዳብ ጨረቃ» ልትባል ትችላለች፤ የኛዋ ወርቅነሽም ወደ ጥንታዊት ዓረቢያ ብትሻገር ብር ሆና ልትገኝ ነው።

ታዋቂዋ አልቲናይ የልብ ወለድ ሰው ናት። ኪርጊዛዊው ደራሲ ቺንጊዝ አይትማቶቭ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው «የመጀመሪያው መምህር» ውስጥ ወላጆቿ የሞቱባት የገጠር ልጅ ነች፤ ዘመዶቿ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ አንድ መምህር አስጥሏት ትማራለች፣ ኋላም ትልቅ ምሁር ትሆናለች። ታሪኩ ከኛ ቀዬ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ቱርካውያንም እንደኛ ዓረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች አሏቸው፤ ግን ጥቂቶቹ ያሳምማሉ። ካዛኮች አንዳንድ ሴት ልጆችን «ኡልቦልሲን» ይላሉ፦ «ወንድ ይሁን» ማለት ነው። ቱርክ ውስጥ «የተር» የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ «ይበቃል»። ሴት ልጅ ተደጋግሞባቸው የቀጣዩን ወንድነት የተመኙ ወላጆች ያወጡት ስም ነው። ልጅቷ ስትጠራ የምትሰማው የሌላ ልጅ ምኞት ነው። «ወርቅነሽ» ግን የሚናገረው ለራሷ፣ ስለ ራሷ ነው። ለተማሪዬ ይሄን ስነግራት ዝም አለች።

ስሙን የተሸከሙት

ወርቅን የያዘ የሴት ስም አገራችን ውስጥ በየመልኩ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት፣ ጥሩወርቅ ነበረች፤ ንጹሕ ወርቅ እንደማለት። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 በመንገድ ላይ ሞተች። በዚያው ዘመን ወሎ ውስጥ ወርቂት (ወርቂቱ) የተባለች ኃይለኛ ገዢ ነበረች። ወጣቱ ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሄድ በእሷ ግዛት ነው ያለፈው። የገዛ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር፤ ምኒልክን አሳልፋ ብትሰጥ ልጇን ልታስለቅቅበት ትችል ነበር። አልሰጠችም። ቴዎድሮስም ልጇን አስገደለው። ስሟ ላይ ያለችው «ቱ» በአፋን ኦሮሞ የሴት ምልክት ናት፤ ጫልቱ፣ ደራርቱ ስትሉ የምትሰሟት።

አትሌቷን ወርቅነሽ ኪዳኔንስ ታውቋታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2003 ሎዛን ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በረጅሙ ውድድር አንደኛ ወጣች፤ ስሟና ሜዳልያዋ ገጠሙ። በዚያው ዓመት ግን በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ብርሃኔ አደሬ ቀደመቻትና ወርቅነሽ ብር አገኘች። ጋዜጠኞች ሲጠሯት «ወርቅነሽ፣ ብር!» እያሉ ነበር ማለት ነው።

ወርቅነሽ ኪዳኔ የትግራይ ልጅ ናት፤ ትግርኛ ደግሞ «ወርቂ ኢኺ» ነው የሚለው እንጂ «ነሽ» አይልም። የበቆጂዎቹ የዲባባ ልጆችም እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ ይባላሉ፤ ኦሮሞ ናቸው፣ ስማቸው አማርኛ። ይሄ እንዲሁ የሆነ አይደለም። ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት፣ የፍርድ ቤትና የቢሮ ቋንቋ አማርኛ ስለነበረ ስሙም ከዚያ ጋር ተሰራጨ፤ አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ ሳይወድ። ራሷ ክብረ መንግሥት የአማርኛ ስም ያላት የጉጂ ከተማ ናት፤ አካባቢው በቀደመ ስሙ አዶላ ነው፣ ዛሬም ብዙ ሰው ከተማዋን አዶላ ነው የሚላት። በጉጂና በቦረና ስም ከጊዜና ከአየር ጋር ይሄዳል፦ በዝናብ የተወለደ ወንድ ሮባ፣ ሴት ከሆነች ሮቤ፤ በጠዋት የተወለደ ቦሩ፤ በምሽት ገልገሎ፤ ቤተሰቡ ከብት እየነዳ በጉዞ ላይ ሳለ የተወለደ ጎዳና። በዚህ ምክንያትም ዛሬ የአማርኛ ስማቸውን ትተው ወደ እነዚህ የሚመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ምክንያታቸው ይገባኛል።

«ያንቺስ ምክንያት ይሄ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይ፣ አያቴማ በኦሮምኛ ወርቄ ነው የምትለኝ» አለች። «ወርቄ» ደግሞ አፋን ኦሮሞ ከሴማዊ ጎረቤቶቹ ወስዶ የራሱ ያደረገው ቃል ነው። «የኔ ወርቅ» የሚለው የአማርኛው «ወርቄ»ም በድምፅ ያው ነው። እንግዲህ አያቷ ስትጠራት ሁለት ቋንቋ በአንድ ቃል እየተናገረች ነው።

ገበቴው ላይ

ክብረ መንግሥት ለሚኖር ሰው ወርቅ ተረት አይደለም። የአዶላ ወርቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው፤ ከከተማዋ አለፍ ብላ ያለችው ሻኪሶ፣ አጠገቧም ያለው የለገደምቢ ማዕድን፣ በአገር ደረጃ የታወቁ ናቸው። አካባቢው ያረፈበት ድንጋይ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወርቁ ግን ከመሬትም ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 በአሜሪካና በጣልያን ያሉ መሣሪያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት ሲመዘግቡ፣ እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንዲህ ባለ ግጭት እንደሚፈጠሩ የሚያሳይ ማስረጃ ተገኘ። በወንዝ አሸዋ ውስጥ የምትብለጨለጨዋ ቅንጣት ምድር ከመኖሯ በፊት የነበረች ናት።

የተማሪዬ እናት ወርቅ አጣቢ ነበሩ። ከእንጨት በተፈለፈለ ገበቴ አሸዋና ውሃ አድርገው ያንገዋልላሉ፤ አሸዋው ይፈስሳል፣ ወርቁ ከታች ይቀራል። ለምን ይቀራል? ከውሃ ጋር ሲነጻጸር አሸዋ 2.6 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ወርቅ 19 እጥፍ። ግማሽ ሊትር የምትይዝ የውሃ ላስቲክ በወርቅ ብትሞላ ወደ 10 ኪሎ ትመዝናለች። በአንድ እጅ የምታነሱት አይደለም። አጣቢዋ ሳይንሱን በክንዷ ታውቀዋለች።

ችግሩ ደቃቁ ወርቅ ላይ ነው፤ ገበቴው አይዘውም። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ባህላዊ አውጪዎች ሜርኩሪ ይጠቀማሉ። ሜርኩሪ ደቃቁን ወርቅ በላዩ ሰብስቦ እንደ ሊጥ ያደርገዋል። ከዚያ ሊጡ እሳት ላይ ሲደረግ ሜርኩሪው በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈልቶ በጭስ መልክ ይሄዳል፤ ወርቁ ገና ለመቅለጥ እስከ 1,064 ዲግሪ ይፈልጋልና ቁጭ ብሎ ይቀራል። የሄደው ጭስ ግን አየር ውስጥ አይጠፋም፦ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ወንዝ ውስጥ፣ ዓሣ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በማህፀን ያለን ጽንስና ትንንሽ ልጆችን ነው፤ አንጎላቸው ገና እየተሠራ ነውና። ይሄን የምታነቡ የወርቅ አገር ልጆች ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ምግብ በሚበስልበት እሳት ላይ፣ ሜርኩሪ ሲቃጠል ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ከዚያ ይውጡ፤ ሥራው የግድ ከሆነም ውጭ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሆኖ ነው። በትልልቅ ማዕድኖች የሚሠራባቸው ኬሚካሎችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በ2018 የአካባቢው ሕዝብ «ልጆቻችን ታመሙ፣ ከብቶቻችን አለቁ» ብሎ አደባባይ ወጥቶ፣ መንግሥት የለገደምቢን ፈቃድ አግዶ ነበር።

ተማሪዬ ለበዓል ቤቷ ስትሄድ እናቷን «ለምን ወርቅነሽ አላችሁኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እስከዚያ ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር። እናቷም «አንቺ የተወለድሽው ወንዙ ባዶ እጄን የመለሰኝ ሰሞን ነው» አሏት። ስምንት ወር ሙሉ ሆዳቸውን ይዘው ውሃ ውስጥ ቆመው ያጠቡ ሴት ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ አንዲትም ቅንጣት አልወጣም። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ «ምን አገኘሽ?» ሲላቸው ወደ ሕፃኗ ዞሩና መልሱን ለእሷ ነገሯት።

ፍርድ ቤት እስካሁን አልሄደችም። ቴሌግራም ላይ ግን ስሟን «ወርቄ አልቲናይ» አድርጋዋለች። እናቷ ስልኩን አይተው «ሁለተኛው ደግሞ የማን ስም ነው?» ብለው ጠይቀዋታል፤ «ኋላ እነግርሻለሁ» ብላ አልፋቸዋለች አሉ።